ውሃው ሞቅ የሚልበት ቦታ

ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍ ዱባለ ከተቀመጠበት ይነሳል። ምሳ ላይ ከሆነ እጁን ሳይታጠብ፣ ጸሎት ላይ ከሆነ አሜን ሳይል ይወጣና በረንዳው ላይ ይቆማል። ዝናቡን አያየውም። ጆሮውን ወደ ታች፣ ወደ ጅረቱ ይጥላል። ሚስቱ ትዕዛዝ ድሮ «ምንድነው የምትሰማው?» ትለው ነበር፤ መልስ ስታጣ ተወችው።

የሚሰማውን እኔ ልንገራችሁ። ክዳን ሲነሳ ነው የሚሰማው። ዝናቡ ጠንከር ሲል ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር፣ ግቢ በግቢ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ይከፈትና የከረመው ሁሉ ወደ ጅረቱ ይለቀቃል። ጎርፉ ድሮም ደፍራሽ ስለሆነ አይለይም። ሽታውንም ዝናቡ ያጥበዋል። ሲያባራ ሁሉም ሰው ንጹሕ ነው።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አላየንም፣ አልሰማንም አትበሉኝ። እኔ የተከራየሁበት ግቢም አለበት፤ ስንት ክረምት ተከራይ ነኝ እያልኩ ዝም ብያለሁ። እኛ ዝናብ ሲመጣ በር ዘግተን ሻይ እንጠጣለን። ዱባለ ይቆማል። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ዱባለ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ረዥም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ የሱሪው ጉልበት ሁልጊዜ ጭቃ። የተወለደው ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ፣ ሃላሌ ከተማ አጠገብ ነው። እናቱ ቶሎ ስለሞተች ያሳደጉት አክስቱ እማማ አባይነሽ ናቸው። እኚህ ሴት ከምንጭ ውሃ ቀድተው አቀበቱን ሲወጡ መንገድ ላይ የጠየቃቸውን ሁሉ ያጠጡና ግማሽ እንስራ ይዘው ቤት ይገቡ ነበር። ባላቸው ሲቆጡ «ለጠማው ሰው እንቢ ልበል?» ይላሉ አሉ። ዱባለ ይህን ታሪክ አንድ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ለምን እንደሚደጋግመው የገባኝ በኋላ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሶዶ መጥቶ የሰው ቦይ ሲቆፍር ገበየው አየው። ገበየው ወላጆቹ ከጉራጌ አገር የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ሶዶ ተወልዶ ያረጀ የቧንቧ ባለሙያ ነበር፤ ቁጡ፣ ተሳዳቢ፣ እጁ ግን የተባረከ። ዱባለን ሁለት ነገር አስተማረው። አንደኛው የቱቦ አቆራረጥ ነው።

«ጫፉን እንደ ሸምበቆ ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ፤ ሰማህ አንተ ረዥም! ቀጥ አድርገህ ከቆረጥከው ጨርቅና ሣር ይዞ ይደፈናል። ያኔ የምታሰድበው እኔን ነው።»

ሁለተኛው ይህ ነው፦ «ቱቦ ከመቅበርህ በፊት እስከ መጨረሻው በእግርህ ሂድ። የት እንደሚፈስ፣ እዚያም ማን እንዳለ ሳታይ አፈር አታልብስ።»

የመጀመሪያውን ዱባለ እስከ ዛሬ ጠብቋል። የጅረቱን ዳር ይዞ የሄደ ሰው የእሱን ሥራ ያውቀዋል፤ ከሣሩ ውስጥ አፋቸውን አሹለው ወደ ውሃው የወጡት ቱቦዎች ሁሉ የእሱ ናቸው። ሁለተኛውን ግን ገበየው ከሞተ በኋላ ተወው። የሚቆጣው ሰው ሲጠፋ እግሩም አጠረ።

ከተማው አደገ ይሉናል፤ በየስብሰባው ይጨበጨብለታል። አዎ፣ አደገ። አንድ ቤተሰብ የነበረበት ግቢ ስምንት ሰርቪስ ቤት ተሠርቶበት ሠላሳ ተከራይ ገባበት፤ ጉድጓዱ ግን ያው የድሮው ነው። ፎቁ ከፊት መስታወት፣ ከጀርባ ጅረት። የፍሳሽ መስመር የት አለ? የለም። የሽንት ቤት መጣጩ መኪና በወረፋ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም መግቢያው ላይ ሌላ ቤት ተሠርቶበት ያገኘዋል። ላቫጆው ባጃጅ ያጠበበትን ሳሙናና ቅባት ወደ ዲች፣ ወደ መንገድ ዳሩ ቦይ፣ ይለቃል፤ ጋራዡ የተቃጠለ ዘይቱን ወደ ዲች፤ ምግብ ቤቱ የዶሮ ላባና የድስት እጣቢ፣ ገበያው የበሰበሰ ጎመንና አቮካዶ፣ ሁሉም ወደ ዲች። ዲቹስ ወዴት? ማንም አይጠይቅም። የምንጥለው ነገር ከአጥራችን ሲወጣ ከዓለም የወጣ ይመስለናል።

የመጀመሪያውን የክረምት ቱቦ ያሠራው አድነው ነው። የክረምት ቱቦ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። አድነው የአጥቢያችን ሽማግሌ፣ የፔንሲዮን ባለቤት፣ ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚገኝ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዱባለን ጠርቶ ከፔንሲዮኑ ጀርባ አቆመው።

«ወንድም ዱባለ፣ ጉድጓዱ አላስቀምጥ አለኝ። በወር ሁለቴ ይሞላል።»

«ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፍር።»

«የት? ክፍል ሠራሁበት።»

«ክፍሉን አፍርሰዋ።»

አድነው ሳቀ። «እንግዳ መሬት ላይ ላስተኛ? እየው፣ ጅረቱ ከአጥሬ ጀርባ ነው። ለክረምት ብቻ። ጎርፉ ሲሞላ አንድ ጊዜ እንከፍታለን፣ አንድ ጊዜ እንዘጋለን። ማን ያየዋል?»

ዱባለ ወደ ጅረቱ ቁልቁል አየ። ሣር ነበር፤ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ዝናብ ስለነበረ እስከ ዳር አልወረደም። ቱቦውን በሰያፍ ቆረጠ፣ ቀበረ፣ ከላይ ሣሩን መለሰበት። ሥራው ያምር ነበር። ያ ወሬ ግቢ ለግቢ ሄደና በሚቀጥለው ክረምት ሰባት ሰው ጠራው።

አሁን ስለ ጥምቀቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የወንጌል አማኞች አጥቢያችን የሚያጠምቀው እዚያው ጅረት ላይ፣ ከአድነው አጥር ሥር ባለው ሜዳ ነው። ሜዳውን ለቤተ ክርስቲያን የፈቀደው አድነው ራሱ ነው። በመስከረም፣ የጥምቀት ትምህርት የጨረሱት ሲደርሱ፣ ወጣቶቹ አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ ይሞሉና ጅረቱን ያስሩታል። የሚያስሩት ዓርብ ነው። ውሃው ሁለት ቀን ይጠራቀምና እሁድ ሰው ወገብ ይደርሳል። አባቶቻችን እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ያኔ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ውሃ ጠጠሩ የሚቆጠርበት ነበር። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። የሚፈሰውን ውሃ አስረን፣ ከተማው ሁለት ቀን ሙሉ የሚለቀውን አጠራቅመን፣ ልጆቻችንን ነጭ አልብሰን እናጠልቅበታለን።  አይሸትም ወይ? ይሸታል። ከተማው ሁሉ ስለሚሸት ማንም አልለየውም።

እማማ አባይነሽ ዕድሜያቸው ሲገፋ ከሃላሌ መጥተው ዱባለ ቤት ገቡ። ከልጁ ከቤቴል ጋር አንድ አልጋ ይጋሩ ነበር። በሰባ ዓመታቸው ጌታን ተቀበሉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ተጠመቁ። ወንጌላዊው ኤልሳዕ አንድ ክንዳቸውን፣ ሌላ ወንድም ሌላውን ይዘው አጥልቀው አወጧቸው። ውሃ ከአፋቸው እየተፉ እንደ ሕፃን ሳቁ። ከዚያ እዚያው ጋውናቸው እየተንጠባጠበ በወላይትኛ መሰከሩ።

«የዳሞታ ውሃ እኮ አጥንት ነው የሚሰብረው። ስገባ ተንቀጠቀጥኩ። ከዚያ ግን አንድ ሞቅ ያለ ነገር መጥቶ ባቴን ያዘኝ። ልክ የሰው እጅ! ጌታ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እግሬን የሚይዝልኝ ሌላ ማን አለ?»

ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። እልልታው አጥሩን አናወጠው። ዱባለም ያጨበጭብ ነበር፤ መሀል ላይ እጁ ቆመ። አክስቱ የቆሙበትን አየ። ከበላዩ ያለውን አጥር አየ። ከአጥሩ እስከዚያ ድረስ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካው፤ አሥራ አራት ሜትር፣ ወደ ግራ ትንሽ ዞር ብሎ። ውሃው ሲታሰር ከፍ ብሎ የቱቦውን አፍ ውጦታል። አድነው ደግሞ በዚያ ዓመት ለእንግዶቹ የሙቅ ውሃ ሻወር አስገብቶ ነበር። ገጣጥሞ የሰጠው ዱባለ ነው።

ለክረምት ብቻ የተባለው ቱቦ ዝናቡ ሲያባራ ይዘጋል ብሎ ነበር ዱባለ የሚያምነው። አንድም ቀን ሄዶ ክዳኑን አላየውም።

በአምስተኛው ቀን እማማ አባይነሽ ሆዳቸውን ያዛቸው። በባጃጅ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በስምንተኛው ቀን አረፉ። አብረዋቸው ከተጠመቁት አራቱም ተቅማጥ ይዟቸው ነበር፤ ወጣቶች ስለሆኑ ተነሡ። ከጥምቀቱ በኋላ የተበላው ምግብ ነው ያለም አለ። ሊሆን ይችላል። ዱባለን የሚበላው ይኸው ነው፤ እርግጠኛ ቢሆን ያለቅስና ይወጣለት ነበር።

ያ ቦታ ግን ስም ወጣለት። «የእማማ አባይነሽ ቦታ» ተባለ። በዓመቱ የተጠመቁትም እዚያው መቆም ፈለጉ። «ሞቅ አለኝ» ያሉም ነበሩ። አልዋሹም፤ ሞቅ ይላል።

ዱባለ ከዚያ በኋላ ሙቅ ውሃ አይነካም። ትዕዛዝ የእግር ውሃ ካሞቀችለት ይደፋዋል። ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ድንገት ቀና ብሎ የቦዩን መጨረሻ ያያል። አንድ ቀን «ምን አየህ?» አልኩት። እሱ የወንጌል አማኝ ነው፤ ስለ ሙታን መንፈስ አያወራም። ሆኖም ዝቅ ባለ ድምፅ «ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ የቆመች ሴት ያለች ይመስለኛል፤ ውሃ የምትጠብቅ» አለኝ። ሥራውን ግን ተወው? አልተወም። ከቀብሩ በኋላ ሁለት የክረምት ቱቦ ቀብሯል። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም ነኝ።

ቤቴል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መዘምር ናት፣ ስትስቅ አያቷን ትመስላለች። አያቴ የምትለው እማማ አባይነሽን ነው። ባለፈው ጳጉሜን ምሳ ላይ ተቀምጠው «አባ፣ የጥምቀት ትምህርቱን ጨረስኩ። የምጠመቀው አያቴ በቆመችበት ነው» አለችው።

ዱባለ የያዘውን ቆጮ ወደ ሳህኑ መለሰው።

«ሌላ አጥቢያ የተሠራ ገንዳ አላቸው፤ ውሃው ከቧንቧ ነው። እዚያ ብትጠመቂስ?»

«ገንዳ? ልብስ ነኝ እንዴ የምዘፈዘፈው?»

ትዕዛዝ ሳቀች። ዱባለ አልሳቀም።

«ቤቴል፣ እንደዚያ አትበይ። ውሃ ውሃ ነው።»

«ውሃ ውሃ ከሆነ አንተ ምን አስጨነቀህ? አባ፣ አያቴ እግሯን የያዛትን እጅ እኔም አንድ ጊዜ ልንካው። እሷ ከሞተች ወዲህ ሌላ ምንም አልለመንኩህም።»

 ቢናገር ልጁ የምትጠመቅበት ቦታ ብቻ አይደለም የሚጠፋት፤ የአያቷ ምስክርነት ይጠፋል። ባይናገር ልጁ እዚያ ውሃ ውስጥ ትገባለች። መስከረም እስኪደርስ በዚህ መሀል ኖረ።

ወጣቶቹ ጅረቱን ያሰሩበት ዓርብ ዕለት አድነው ዘንድ ሄደ። አድነው ሪሴፕሽኑ ላይ መነጽሩን እየጠረገ ነበር።

«ወንድም አድነው፣ እስከ እሁድ ያን ቱቦ ዝጋልኝ።»

«የቱን ቱቦ?»

«አታውቀውም?»

«አንተ አይደለህ እንዴ የቀበርከው? የቀበረ ነው የሚያውቀው» አለና ሳቀ። ከዚያ የዱባለን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወ። «ምን ሆነሃል? የእህቴ ልጅ ሰላምአብ እኮ ነው እሁድ የሚጠመቀው። የራሴን ልጅ መርዝ ውስጥ የምከት ሰው ነኝ? የሚወርድ ውሃ ነው፣ ጠርጎ ይወስደዋል።»

«ሲወርድ ይወስደዋል። የታሰረ ውሃ ምን ይወስዳል?»

«ስንት ዓመት አጥምቀናል!»

«አክስቴስ?»

አድነው መነጽሩን አደረገ። «እማማ አባይነሽ በሰባ ዓመታቸው፣ በሰላም፣ ተጠምቀው ነው ያረፉት። ጌታ ነው የወሰዳቸው። አንተ ጌታን ቧንቧ ሠራተኛ ልታደርገው ነው?» ከዚያ ድምፁን አለሳለሰ። «እሺ ወንድሜ፣ እዘጋለሁ። ግን ይህን ወሬ ደጅ አታውጣው። ነገሩ ቢነሳ አቆራረጡን ሶዶ ሁሉ ያውቀዋል፤ የማን እጅ እንደሆነ ማንም አይጠፋውም።»

ቅዳሜ ፔንሲዮኑ በሠርገኛ ሞላ። ከሰዓት በኋላ የዳሞታ አናት ጠቆረ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ዱባለ በረንዳው ላይ ቆመ። ቤቴል ክፍሏ ውስጥ ጋውኗን እየተኮሰች ትዘምር ነበር። የልጁን ድምፅ በአንድ ጆሮ፣ ጅረቱን በሌላው ሰማ።

እሁድ ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆነ። ሃያ ሦስት ተጠማቂ በሰልፍ፣ መዘምራኑ ከኋላ፣ ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር። ውሃው ወገብ ደርሷል፤ ላዩ ጸጥ ብሎ ሰማዩን ይዟል፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ሰላምአብ ቀድሞ ገብቶ ወጣ። ቤቴል አራተኛ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ የእግሯን ጣቶች ውሃው ውስጥ አድርጋለች።

ያኔ ዱባለ ከነኮቱ፣ ከነጫማው ገባ።

«ዱባለ ሁለተኛ ሊጠመቅ ነው!» አለ አንዱ ከዳር፤ ሰው ሳቀ።

ኤልሳዕም ፈገግ አለ። «ወንድም ዱባለ፣ ተራ አለው። ልጅህ ስትገባ እጠራሃለሁ።»

ዱባለ በእግሩ እየዳሰሰ ሄደ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ፤ ጉንጩ ውሃውን ነካ። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። የጠፋበትን ነገር ላለማግኘት የሚፈልግ ሰው ፊት ነበር። አገኘው። እጁ የራሱን ሥራ አወቀው፤ ሰያፉን፣ በሞረድ ያለሰለሰውን ከንፈር።

«ኤልሳዕ፣ እጅህን ስጠኝ» አለው። ወንጌላዊው ግራ ገብቶት ዘረጋለት። ዱባለ እጁን ይዞ ወደ ታች ወሰደው።

«ሞቅ ይላል» አለ ኤልሳዕ። ፊቱ መብራት ጀመረ። «ይሄ እኮ የእማማ አባይነሽ…»

«ቱቦ ነው። የፔንሲዮን ሻወርና ሽንት ቤት ነው። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

የኤልሳዕ የፊቱ ብርሃን ቀስ በቀስ ጠፋ። እጁን አወጣው፤ የት እንደሚያደርገው አጣ። ጋውኑ ላይ ሊጠርገው ብሎ ተወው። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አሁን አይደለም፣ ዱባለ። ሰው ሁሉ ቆሟል። በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንነጋገራለን» አለው።

በኋላ። የዚህች ከተማ መልስ ሁልጊዜ ይህች ቃል ናት። ትልቁም ትንሹም ቢሮ፣ ቀበሌውም አጥቢያውም፣ በኋላ። እሺ፣ በኋላ፤ ቤቴል ግን ቀጣይዋ ናት።

ዱባለ ወደ ግድቡ ሄደና የመጀመሪያውን ጆንያ ጎተተ። ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ወጣቶቹ ደረሱበት። «አበደ! ያዙት!» ሁለቱ ወገቡን ያዙት፤ እሱ ጆንያውን ይዞ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ሦስቱም ከነጆንያው ተንከባለሉ። ውሃው ክፍቱን አገኘ። አንድ ትልቅ ትንፋሽ የወጣ መሰለና ሁለት ቀን የተጠራቀመው ሁሉ ቁልቁል ሄደ።

ዳሩ ተራቆተ። መጀመሪያ ጭቃው፣ ከዚያ ሣሩ፣ ከዚያ የቱቦው አፍ ታየ፤ እንደ ሸምበቆ የተሳለ። ሠርገኞቹ ሊወጡ እየታጠቡ ነው መሰል፣ ነጭ አረፋ እየተፋ ነበር፤ እንፋሎት ነበረው። ከአረፋው በኋላ የወጣውን አልጽፍም። ከፊት ያለነው ዝም አልን። ከኋላ የነበሩት መዘምራን ስለማይታያቸው መዝሙሩን ቀጥለው ነበር፤ አንድ ሙሉ አዝማች በዚያ ሁሉ ዝምታ ላይ ዘመሩ።

«ይሄ የማን ነው?» ብሎ የጮኸው አድነው ነው። በእውነት የደነገጠ ይመስል ነበር። ምናልባትም ደንግጧል።

«አፉን እዩት» አለ ዱባለ፤ ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል። «የእኔ ነው። ሌላም አለኝ፤ ከላይ እስከ ታች። አክስቴን የያዛት እጅ ይሄ ነው።»

ከቱቦው በላይ ያለው አጥር የማን እንደሆነ አልተናገረም። ሁሉም ግን ቀና ብሎ አጥሩን አየ።

ቤቴል በባዶ እግሯ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ጋውኗ እንደተተኮሰ ነበር።

«አያቴ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። ጌታ ነው እንዳለች ሄደች።»

«አንተስ?»

«ስትመሰክር አወቅኩ።»

«ሁለት ዓመት» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ጋውኑን በራሷ በኩል አውልቃ፣ በጥንቃቄ አጥፋ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠችውና ሄደች። ትዕዛዝ ተከተለቻት። ዱባለን ያነሳው ሰው አልነበረም፤ ራሱ ተነሳ።

ከዚያ የሆነውን ልንገራችሁና ፍረዱ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ዱባለ አምልኮ በማወክ ስድስት ወር ከጌታ እራት ታገደ። አድነው ሽማግሌ እንደሆነ አለ፤ ይቅርታ ጠይቆ አለቀሰ፣ ልቅሶውም የእውነት ነበር፤ በሳምንቱ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ቱቦውን አርባ እርምጃ ወደ ታች አስረዘመው። አርባ እርምጃ! የአዲሱ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ማንም የዱባለ ነው አይለውም። ጥምቀቱ ወደ ገንዳ ተዛወረ። ስለዚህ ችግሩ ተፈታ ተባለ። ከገንዳው በታች ያለው ጅረት፣ ከጅረቱ በታች ጎመን የሚያጠጡበት ሰዎች፣ ከብት የሚያወርዱት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ እነሱ የማንም አጥቢያ አይደሉም።

ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። ምስጢር የሚያወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ማን ይፈልጋል? ዱባለ ግን ሥራ አልፈታም። ገበየው የነገረውን ዘግይቶም ቢሆን ይሠራዋል፤ የቀበራቸውን ሁሉ እስከ መጨረሻቸው በእግሩ ይሄዳል። በጆንያ ሲሚንቶና አሸዋ፣ በፌስታል ጨርቅ ይይዛል። አፉን ባገኘው ቁጥር በጨርቅ ይወትፈውና በሲሚንቶ ይደፍነዋል። የተደፈነው ሁሉ ወደ ግቢው ይመለሳል። ሰዎች ከአጥር ላይ ይሰድቡታል። «አንተ እብድ፣ ግቢያችን ሞላ እኮ!» ይሉታል። ይሙላ። የራሳችሁ ነው። እኛም ግቢ ባለፈው ሳምንት ሞልቶ አከራዩ መጣጭ መኪና ጠርቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቤቴል አምስት ሳምንት አላናገረችውም። ሳህን ታስቀምጥለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ቃል የለም። አልተጠመቀችም፤ በገንዳም አልፈለገችም። ዝናብ ሲጀምር እሱ በረንዳው ላይ ሲቆም እሷ መስኮቱን ትዘጋለች።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ዱባለ ከድልድዩ በታች ያለውን ዳር ይፈልግ ነበር። እዚያ የቀበራቸው አሉ፤ ግን ዳሩ ተንዶ፣ ሣሩ በቅሎበት፣ አፋቸው ውሃው ሥር ገብቶ አላገኛቸውም። በዱላ ይወጋል፣ ይቆማል፣ ይወጋል። ከጠዋት ጀምሮ አንድም አላገኘም። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ቤቴል ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ አልፋ ነው የምትሄደው። ቆመች። ለረዥም ጊዜ አባቷን አየችው። ከዚያ ደብተሯን ድንጋይ ላይ አድርጋ ጫማዋን አወለቀች።

«ውጪ!» ብሎ ጮኸ ዱባለ። «ቤቴል፣ ውሃው ውስጥ አትግቢ!»

«በዱላ አታገኘውም» አለችው። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ይህ ነው። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

የዱባለ ዱላ ከእጁ ወደቀ። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ የሰበሰበች ሴት፣ የቦዩ መጨረሻ ላይ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ አልተሰማኝም።

እሷ በዳር በዳሩ፣ በዝግታ፣ ጣቶቿን እያስቀደመች ወረደች። ቁርጭምጭሚቷን ሰማያዊ የላስቲክ ቁራጭ ነካው፤ አለፈችው። ሦስት እርምጃ፣ አራት። ከዚያ ቆመች። ወደ ታች አየች። ፊቷ ላይ የመጣውን እንባ በክንዷ ጠረገችው፤ እግሯን ግን አላነሳችም፤ ቦታው እንዳይጠፋው ይዛለት ቆማለች።

«አባ፣ ና» አለች። «እዚህ ሞቅ ይላል።»